ከፍርግርጉ ማዶ

ፈረሰኛው ከብረት ፍርግርግ ፊት ሆኖ ይናዘዛል። አሥር ዓመት በመስቀል ጦርነት ከርሞ የተመለሰ ሰው ነው፤ ማንን እንደገደለ፣ ምን እንዳቃጠለ ልናገር ቢል ሌሊቱም አይበቃው። እሱ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያነሳም። የሚናገረው ስለ ባዶነቱ ነው። ለሰው ግድ ማጣቱ ከሰው እንደለየው፣ እግዚአብሔርን ከልቡ ነቅሎ ልጣል ቢል እንዳልተነቀለለት፣ ማመን ሳይሆን ማወቅ እንደሚፈልግ፣ በጨለማ ሲጣራ የሚመልስለት እንዳጣ ይናገራል። ከሞት ጋር ቼዝ እየተጫወተ መሆኑን፣ በየትኞቹ ጠጠሮች ሊያሸንፈው እንዳሰበም ሳይቀር ይዘከዝካል። ያኔ ከፍርግርጉ ማዶ ቆብ የደፋው አናዛዥ ፊቱን ያዞራል። ሞት ራሱ ነው። ዘዴውን እንደማይረሳው ነግሮት ይሄዳል።

ይህ ትዕይንት ያለው በስዊድናዊው ኢንግማር በርግማን ፊልም፣ በ«ሰባተኛው ማኅተም» ውስጥ ነው። ስሙ ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 8 የተወሰደ ነው፤ የመጨረሻው ማኅተም ሲፈታ በሰማይ የግማሽ ሰዓት ያህል ጸጥታ እንደሆነ ከተነገረበት። ፊልሙ 96 ደቂቃ ይፈጃል፤ ለእኔ 96ቱም ደቂቃ የዚያ ጸጥታ ታሪክ ነው። ነገሩ ቀላል ነው። ፈረሰኛው አንቶኒየስ ብሎክና ጋሻ ጃግሬው ዮንስ ወረርሽኝ ወደገባባት አገራቸው ይመለሳሉ። በባሕር ዳርቻ ሞት ይመጣል። ፈረሰኛው ቼዝ እንጫወት ይለዋል፤ ጨዋታው እስካላለቀ ድረስ አይሞትም። በመንገዱ ላይ ዮፍና ሚያ የሚባሉ ተዘዋዋሪ ተዋንያን ባልና ሚስት ከሕፃን ልጃቸው ከሚካኤል ጋር ይገጥሙታል። የቀረው መንገድ፣ ደን፣ እሳት ነው።

በርግማን የሉተራን ቄስ ልጅ ነው። በልጅነቱ አባቱ በገጠር አብያተ ክርስቲያናት ሊሰብኩ ሲሄዱ አብሮ እየሄደ፣ ስብከቱን ትቶ በጣሪያና በግድግዳ የተሣሉትን ሥዕሎች ሲያይ ይውል እንደነበር ጽፏል። ከስቶክሆልም በስተሰሜን ቴቢ በምትባል ቦታ ባለች ቤተ ክርስቲያን፣ ሞት ከሰው ጋር ቼዝ ሲጫወት የሚያሳይ ሥዕል አለ፤ አልበርቱስ ፒክቶር በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ የሣለው ነው። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ የማውቀው ነገር ነውና። እኔም ቅዳሴው ሲረዝምብኝ ዓይኔን የማሳርፈው ግድግዳው ላይ ነበር። ከሁሉ የሚይዘኝ በላዔ ሰብ ነው። 78 ነፍስ የበላው ያ ሰው፣ ሚዛኑ፣ ባንድ ወገን ሰይጣናቱ ሲያዩ፣ በሌላው ወገን ለለምጻም ለማኝ ያጠጣት ጥርኝ ውሃ፣ በላይዋ የእመቤታችን ጥላ። ልጅ ሆኜ ያሳስበኝ የነበረው የተበሉት ሰዎች ነገር ነው፤ እነሱን የጠየቃቸው አለ ወይ እያልኩ።

የታሪክ ሰው ፊልሙን ቢመረምረው ብዙ ይነቅፋል። ጥቁሩ ሞት ስዊድን የገባው በ1350 ገደማ እ.ኤ.አ. ነው፤ የመስቀል ጦረኞች የመጨረሻ ትልቅ ምሽግ አክሬ ግን በ1291 ወድቋል፤ እንግዲህ ፈረሰኛው ከየትኛው ዘመቻ እንደሚመለስ እንጃ። በፊልሙ ውስጥ ግድግዳ ሲስል የምናየው አልበርቱስ ፒክቶርም ወረርሽኙ ካለፈ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣ ሰው ነው። በርግማን ይህን አጥቶት አይመስለኝም። በልጅነቱ ያየው ግድግዳ ላይ ዘመናቱ ሁሉ ጎን ለጎን ነበሩ፤ የሣለውም እንዲሁ ነው። ሥራው ራሱ የችኮላ ነበር። መጀመሪያ ለተማሪ ተዋንያን መለማመጃ የጻፈው አጭር ተውኔት ነው። የፊልም ኩባንያው ድርሰቱን አልፈልግም ብሎት ነበር፤ የቀደመ ፊልሙ በ1956 ካን ላይ ሲወደስለት ግን ፈቀደለት። በዚያው ዓመት በ35 ቀን ገደማ ቀረጸው። ባሕር ዳርቻው ሆቭስ ሃላር የሚባል ድንጋያማ ቦታ ነው፤ ደኑና መንደሩ አብዛኛው በስቶክሆልም ዳርቻ ባለው ስቱዲዮ የተሠራ ነው። የካሜራ ባለሙያው ጉናር ፊሸር በጥቁርና ነጭ እንዴት አድርጎ እንዳበራው፣ የሞትን ነጭ ፊት ከጥቁር ካባው እንዴት እንደለየው ሳይ ዛሬም እደነቃለሁ።

ኑዛዜዬን ልጀምር።

ይህን ፊልም ለብዙ ዓመታት እንደ ጌጥ ለብሼዋለሁ። ወዳጆቼ ስለ እምነት ሲጨቃጨቁ ዝም ብዬ ቆይቼ ፈረሰኛውን አመጣለሁ። «ማመን አቃተኝ» ማለት ያሳፍራል፤ እናት ትሰማለች፣ ጎረቤት ይሰማል። «እንደ አንቶኒየስ ብሎክ ነኝ» ማለት ግን ያስከብራል። ጥርጣሬዬን ጥሩር አልብሼ፣ ጎራዴ አስታጥቄ፣ በባሕር ዳርቻ አቆምኩት። ፈረሰኛውን ሆኖ የተጫወተውን የማክስ ፎን ሲዶን ረጅም ቁመትና የተጠረበ ፊት ሰጠሁት። ያን ጊዜ ተዋናዩ የ27 ዓመት ጎልማሳ ነበር፤ መቶ ዓመት የኖረ ነው የሚመስለው። እኔም ገና በወጣትነቴ መቶ ዓመት የኖርኩ መምሰል እወድ ነበር።

እውነቱ ሌላ ነው። እኔ በጨለማ እግዚአብሔርን የተጣራሁ ሰው አይደለሁም። በጨለማ ስልኬን የማበራ ሰው ነኝ። ሌሊት ልቤ ደንገጥ ብሎ ስነቃ፣ ያ «አንድ ቀን አትኖርም» የሚለው ነገር ደረቴ ላይ ሲቀመጥ፣ አልጸልይም፤ አልጠይቅምም፤ ዜና አነባለሁ። ከፈረሰኛው ጋር በእውነት የምጋራው ጥያቄውን ሳይሆን ቀጠሮ ማስረዘሙን ነው። በዚያም ቢሆን እሱ ይሻላል። በድሮው የእኛ ቼዝ፣ በሰንጠረዥ፣ ከሁለቱ የአንዱ ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ አልነበረም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ወረራ ይሉት ነበር። የእኔ ጨዋታ እንደዚያ ነው። ምንም ያልተበላብኝ እየመሰለኝ ጠጠሬን አሯሩጣለሁ። ብሎክ ግን ከማን ጋር እንደተቀመጠ ያውቃል፤ ተራውንም ይጠብቃል።

የነፍስ አባቴ ሽማግሌ ናቸው። እሳቸው ዘንድ የምናዘዘው ዝርዝር ነው፤ ጾም ገድፌአለሁ፣ ሰው አምቻለሁ፣ ባልተገባ ቦታ ተቆጥቻለሁ፣ ቅዳሴ አስታጉያለሁ። ያዳምጣሉ፣ ስግደቱን ይሰጡኛል፣ ያሳልሙኛል። የምናገረው ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ለምን አልነግራቸውም? ይቆጡኛል ብዬ አይደለም። አይቆጡም። መልስ ይሰጡኛል ብዬ ነው የምፈራው። መልስ ከሰጡኝ ጥያቄው ያልቃል፤ ጥያቄው ካለቀ ደግሞ የምኮራበት ነገር የለኝም። ፈረሰኛው የማያውቀው ቄስ ፊት ያን ሁሉ የዘረገፈው ቄሱ ስለማያውቀው ሳይሆን አይቀርም። ነገ ቤቱ መጥቶ «ያ ነገር እንዴት ሆነልህ?» የሚለው አይደለማ።

ፊልሙን ደግሜ ደጋግሜ ሳየው አንድ ቦታ ይጎረብጠኝ ጀመር። ከሰይጣን ጋር ተገናኝታለች፣ ወረርሽኙንም ያመጣችው እሷ ናት የተባለች ልጃገረድ አለች። ወታደሮች ደን ውስጥ ሊያቃጥሏት በጋሪ ይወስዷታል። ፈረሰኛው ቀርቦ ስለ ሰይጣን ይጠይቃታል። እሱን ማግኘት ይፈልጋል፤ ስለ እግዚአብሔር ከማንም ይልቅ የሚያውቅ እሱ ነውና። ዓይኔን ተመልከት ትለዋለች። ሲመለከት ፍርሃት ብቻ ያያል። ቀድሞ ይህን ስመለከት ዕንባ ይተናነቀኝ የነበረው ለፈረሰኛው ነው፤ ምስኪን፣ እዚህም መልስ አጣ እያልኩ። ልጅቷን አላየኋትም። እጇ ታስሮ፣ እንጨቱ እየተከመረላት፣ አንድ ረጅም ጌታ መጥቶ የራሱን ጉዳይ ይጠይቃታል። ብሎክ ጨካኝ አይደለም፤ ሥቃይዋን የሚያደነዝዝ ነገር ይሰጣታል። ግን መጀመሪያ ጠየቀ። መድኃኒቱ ቀጥሎ ነው የመጣው።

የጎረበጠኝ ለምን እንደሆነ ለራሴም ለመንገር ጊዜ ወሰደብኝ።

ያሳደገችኝን አክስቴን እቴቴ ነበር የምንላት። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷት አሉን፤ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ሌሊት በተራ እንጠብቃታለን። አንድ ሌሊት ተራው የእኔ ነበር። ትንፋሿ ይቆራረጣል። እቴቴ አጽዋማቱን ሳታጓድል፣ የማርያምን ዝክር ሳታስታጉል የኖረች ሴት ናት፤ ለማንም ይታይ ከተባለ ለእሷ ነው መታየት ያለበት ብዬ አሰብኩ። ጎንበስ አልኩባት። «እቴቴ፣ ምን ይታይሻል?» አልኳት።

ለእሷ ብዬ አልነበረም። ላጽናናት፣ ላነጋግራት ብዬ አልነበረም። ወሬ ፈልጌ ነው። ከዚያ ወዲያ ካለው አገር ወሬ ይዛልኝ እንድትመለስ።

ዓይኗን ገለጥ አደረገች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ውሃ» አለች።

እዚህ ላይ ነው ኑዛዜው። ያን ሰዓት እጄን ወደ ብርጭቆው አልዘረጋሁም። ምሳሌ መሰለኝ። ዮርዳኖስ ይሆን፣ የሕይወት ውሃ ይሆን፣ ባሕር ይሆን የሚታያት እያልኩ ልቤ እየመታ የሚቀጥለውን ቃል ጠበቅኩ። እሷም ደግማ አለች። ልጇ ከጓዳ ስትመጣ እንዲያው ፈዝዤ አገኘችኝ።

«ምን አለችህ?»

«ውሃ አለች።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?»

ጥጥ ነክራ ከንፈሯን አራሰችላት። እቴቴ ጥጧን መጠጠቻት። በማግስቱ ዐረፈች።

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ውሃው ከሞት አያድናትም ነበር። እነዚህን ማስተባበያዎች ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ እኔው ነኝ የደረደርኳቸው። ደግሞም የሚከፋው እሱ አይደለም። የሚከፋው፣ ከልቅሶው በኋላ ያዘንኩት ሌላ ነገር ሳትነግረኝ በመሄዷ መሆኑ ነው።

በፊልሙ ውስጥ ራቫል የሚባል ሰው አለ። የነገረ መለኮት ተማሪ የነበረ፣ ያን ጊዜ በጣፈጠ አንደበቱ ፈረሰኛውን ወደ መስቀል ጦርነት የላከው እሱ ነው። ዛሬ በወረርሽኝ ከሞቱ ሰዎች እጅ ጌጥ እየፈታ የሚሰርቅ ሌባ ሆኗል። ከፊልሙ ሰዎች ሁሉ በጣም የምንቀው እሱን ነበር። ከእቴቴ በኋላ ግን እንደልቤ ልንቀው አልቻልኩም። እኔ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ዓረፍተ ነገር እሰበስባለሁ። አልቃሿ ስትገጥም፣ አባት ልጁን ሲጣራ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ የሰማሁትን በቃሌ እይዛለሁ፤ ቤቴ ስደርስ እጽፈዋለሁ። እሱ ቀለበት፣ እኔ ቃል። ይህንንም ጽሑፍ ቢሆን ከምን እንደሠራሁት አንባቢ ያያል።

ራቫል በመጨረሻ ራሱ በወረርሽኙ ተይዞ፣ ሌሊት ደን ውስጥ እየተንፈራገጠ ይመጣል። የሚጮኸው ውሃ እያለ ነው። ዮንስ ከሌባው ያዳናት፣ እስከ ፊልሙ መጨረሻ ቃል የማትናገረው ልጅ፣ ውሃ ይዛ ትነሳለች። ይህ ሰው ሊደፍራት የነበረ ሰው ነው። ዮንስ ይይዛታል፤ ከንቱ ነው፣ ምንም አይጠቅመውም ይላታል። ዮንስ ከፊልሙ ሰዎች ሁሉ ብልሁ ነው፤ ቀልዱም፣ ድፍረቱም፣ ሐቁም የእሱ ነው፤ ከሰማይ የሚጠብቀው ነገር የለም። ስሌቱም ትክክል ነው። ራቫል ይሞታል፤ ውሃው ምንም አይለውጥም። ልጅቷ ግን ስሌት የላትም፤ እግሯ ብቻ ተነሣ። እንደ እቴቴ ልጅ።

የዱር እንጆሪውንና የወተቱን ትዕይንት ብዙ ሰው ይወደዋል። ሚያ እንጆሪ ለቅማ፣ ወተት በሳህን ቀድታ ፈረሰኛውን ታስተናግደዋለች፤ እሱም ይህችን ሰዓት በእጁ እንደ ሞላ ሳህን ተጠንቅቆ እንደሚይዛት ይናገራል። እኔ ሁልጊዜ ትንሽ የበዛ ይመስለኛል። ሰው ደስ ባለው ሰዓት እንዲያ አይናገርም፤ ይበላል።

ይልቅ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ፈረሰኛው ዮፍ ሚስቱንና ልጁን በጋሪ ጭኖ በጨለማ ሊሸሽ መሆኑን ያያል። ሞት እንዳያያቸው፣ እንደ ሳተ ሰው በካባው ጠጠሮቹን ይገለብጣል። ሞት ጠጠሮቹን በየቦታቸው እስኪመልስ ድረስ ጋሪው ያመልጣል። ሞት ያስታውሳል፤ ጠጠሮቹ የት እንደነበሩ አይረሳም፤ ያሸንፋልም። ፈረሰኛው ፊልሙን ሙሉ ትርጉም ያለው አንድ ሥራ ሳልሠራ አልሞትም ሲል የኖረ ነው። ሲሠራው ግን በማጭበርበር ነው፤ በጥቂት ሰከንድ፣ በካባ ጫፍ፣ ያለ አንድ ቃል። እግዚአብሔር አልመለሰለትም፤ ያወቀው ነገርም የለም። መጠየቁን ለአፍታ ተወት ሲያደርግ የሆነ ነገር ነው።

ይህ ነው በላዔ ሰብን እንደገና ያሳየኝ። ልጅ ሆኜ ሚዛኑ ፍትሕ አልመስልህ ይለኝ ነበር፤ 78 ሰው በአንድ ጥርኝ ውሃ? አሁንም ፍትሕ አይመስለኝም። ግን ያ ሰው ለለማኙ ውሃውን ሲያጠጣ አንድ ነገር አላደረገም፤ እስኪ መጀመሪያ የምጠይቅህ አለኝ አላለውም። ለማኙ የእመቤታችንን ስም ጠራ፤ ሰውየውም አጠጣ። እኔ በበኩሌ ማንንም አልበላሁም። የሚዛኑ ሌላ ወገን ላይ ግን ምን እንዳለኝ ሳስብ፣ ውሃውን ያቀበለችው የእቴቴ ልጅ ሆና አገኛታለሁ።

በርግማን ይህን ፊልም የሠራው የሞት ፍርሃቱን ሊታገልበት እንደነበር ተናግሯል። በኋላም አንድ ቀላል ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት ማደንዘዣው በዝቶበት ሰዓታት ከሕይወቱ ተቆርጠው እንደጠፉ፣ ሞትም እንዲያ ያለ ምንም አለመኖር ከሆነ አያስፈራም ብሎ እንደተጽናና አውርቷል። እሰየው። እኔ እንዲያ ባለው አልጽናናም። የሚያስፈራኝ እሱው ነው።

መጨረሻው ላይ በግንቡ ውስጥ ሞት ይገባል። ፈረሰኛው ፊቱን ሸፍኖ ይጸልያል፤ ዮንስ ያጉረመርማል፤ እስከዚያ ቃል ያልተናገረችው ልጅ ተንበርክካ፣ ፊቷ በርቶ፣ ነገሩ እንደተፈጸመ ትናገራለች። ከዚያ በኮረብታው ላይ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሞት እየመራቸው ይጨፍራሉ። ያ የታወቀ ምስል የተነሣው ድንገት ነው። የዕለቱ ሥራ አልቆ ብዙዎቹ ተዋንያን ሄደው ነበር፤ በርግማን አንድ ደመና አይቶ ወደደው፤ ረዳቶችና የቴክኒክ ሠራተኞች፣ በአካባቢው የነበሩ ጎብኚዎችም ልብሱን ለብሰው ጨፈሩ። ከሩቅ ጥቁር ጥላ ብቻ ስለሆኑ ማንም አይለያቸውም። ሞትን ሆኖ የተጫወተው ቤንግት ኤኬሮት በ1971 በ51 ዓመቱ ሞተ፤ ከእሱ ጋር ቼዝ የተጫወተው ማክስ ፎን ሲዶ እስከ 2020፣ እስከ 90 ዓመቱ ኖረ። በርግማን ይህን ያህል ቀልድ በፊልሙ ውስጥ አላስገባም።

ባለፈው ሁዳዴ የነፍስ አባቴ ጸበል ሊረጩ ቤት መጡ። ሻይ አቀረብኩላቸው። የእቴቴን ነገር ልነግራቸው ቆርጬ ነበር፤ አፌን ስከፍት ግን የወጣው ፊልሙ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረኩላቸው።

«ቼዝ የምትለው ዳማ ነው?»

«ዳማን ይመስላል፣ አባቴ።»

በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ ጥቂት ቆይተው «ሕፃኑስ?» አሉኝ።

«ዳነ።»

«እናትና አባቱም?»

«እነሱም።»

«ታዲያ ፈረሰኛው ሌላ ምን ፈለገ?»

ስለ ጸጥታው፣ ስለ ማወቅና ስለ ማመን ማስረዳት ጀመርኩ። እሳቸው ሻይዋን ጨልጠው ጥላቸውን አነሱ፤ ሌላ ቤት ይጠብቋቸዋል። በር ላይ ሲደርሱ መስቀላቸውን እያወጡ ዞር አሉ።

«የቀረህ ነገር አለ፣ ልጄ?»

«የለም፣ አባቴ» አልኳቸው። መስቀሉን ተሳለምኩ፤ እሳቸውም ፈቱኝ።